የተራራው ትምህርት ቤት ምሳ እና የእኛ መዋጮ

በሰሜን ታይላንድ የብርዱ ወራት ሲገባ ከባንኮክና ከቺያንግ ማይ የሚነሱ ፒካፖች ብርድ ልብስና ጃኬት ጭነው ወደ ተራራው ይወጣሉ። ካረን፣ ህሞንግ፣ ላሁ፣ አካና ሊሱ የሚባሉት የተራራ ሕዝቦች የሚኖሩት እዚያ ነው። በጃንዋሪ ሁለተኛ ቅዳሜ የልጆች ቀን ስለሚከበር መጫወቻና ደብተርም ይጨመራል። እዚህ ነዋሪ ነኝና እኔም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እወጣለሁ። የደብረ ብርሃንን ሌሊት ለሚያውቅ ሰው ብርዱ አዲስ አይደለም፤ ብርድ ልብሱም የሚናቅ ስጦታ አይደለም።

ዓመቱን ሙሉ ልጁን ክፍል ውስጥ የሚያቆየው ግን ምሳው ነው። ታይላንድ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ምሳ በሕግ ፈንድ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ገንዘቡ የሚሰላው በተማሪ ቁጥር በመሆኑ ትንንሾቹ የተራራ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተጎድተዋል፤ የሠላሳ ልጅ በጀት ጋዙንና ማጓጓዣውን እንኳ በቅጡ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2022 ተሻሽሎ እስከ 40 ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት በቀን ለአንድ ልጅ 36 ባት፣ ከ120 በላይ ላለው 22 ባት ሆነ። ይህን የወሰነ ሰው የገጠር ትምህርት ቤት ማድቤት ገብቶ ያየ መሆን አለበት።

እኛ የምንደግፈው የአካ ልጆች የሚማሩበት ነው። መንደራቸው የራቀ ልጆች ሰኞ መጥተው እስከ ዓርብ እዚያው ያድራሉ፤ ስለዚህ እራትና ቁርስም አለ። በጎ ፈቃደኞቹ ከመምህራኑ ጋር ተመካክረው እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ገዙ፣ ወላጆች በቀርከሃ ቤት ሠሩላቸው፣ የመኖ ገንዘብ በየወሩ ይላካል። ጠዋት ተረኛ ልጆች እንቁላሉን ለቅመው ቁጥሩን በደብተር ይመዘግባሉ፤ የተሰነጠቀው ተለይቶ ለዚያው ቀን ቁርስ ይውላል። ደብተሩን ሳገላብጥ አንድም የተዘለለ ቀን አላየሁም። ለፎቶ የሚሆን ነገር የለውም፤ እኔን ግን ከየትኛውም የርክክብ ሥነ ሥርዓት በላይ አስደስቶኛል። (የወላጆቹ መተዳደሪያ ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው የንጉሡ ፕሮጀክት ኦፒየም የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ ለመተካት ካስፋፋቸው ተክሎች አንዱ አረቢካ ነው፤ ዘሩ ከእኛ አገር መሆኑን ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል።)

ሌላው ብርድ ልብስ የማይፈታው ችግር ዜግነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሰሜን ታይላንድ ታም ሉዋንግ ዋሻ ውስጥ ጎርፍ ዘግቶባቸው የወጡትን የእግር ኳስ ቡድን ልጆች ዓለም ያስታውሳል፤ ሦስቱ ልጆችና አሠልጣኛቸው አገር አልባ ነበሩ፣ ዜግነት ያገኙት ከዋሻው ከወጡ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ወረቀት የሌለው ልጅም መማር ይችላል፤ ሲጨርስ ግን በሩ ይጠብበታል። ከአሮጊትና ሽማግሌ ምስክር ጋር ወረዳ ቢሮ ድረስ ሄደው ፎርም የሚሞሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ከሁሉ በላይ የማከብራቸው እነሱን ነው።

በዚህ በኩል የእኛ የገጠር ልጅ በአገሩ ባዕድ አይባልም። በቋንቋም እንበልጣለን፤ የአካው ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በማይሰማው በታይኛ ነው፣ በእኛ አገር ግን ከ1986 ዓ.ም.ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ብዙ ልጆች በእናታቸው ቋንቋ ይጀምራሉ። ይህን እዚህ ላሉት መምህራን በኩራት ነው የምናገረው።

ወደ ምሳው ስመለስ ግን ያመኛል። የእኛ ዳያስፖራ ለትውልድ ቀዬው ሲያዋጣ መጀመሪያ የሚታየው ሕንፃ ነው፣ ቀጥሎ ደብተርና እስክርቢቶ። ዳስ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚማር ልጅ እያለ ክፍል አይሠራ አልልም። ነገር ግን ቁርስ ሳይቀምስ ዳገት ወጥቶ የመጣ ልጅ በብሎኬቱም ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። አዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. የተማሪዎች ምገባን በራሷ በጀት ይዛዋለች፤ በገጠር ግን በብዙ ቦታ እርዳታ ሲመጣ ይኖራል፣ ሲቀር ይቀራል።

በየከተማው ያለ የአካባቢ ተወላጆች ማኅበር ለእድር በየወሩ መክፈል ለምዷል። በዚያው ልማድ ለአንድ ትምህርት ቤት ምሳ በየወሩ መላክ ይችላል፤ ርእሰ መምህሩ የወሩን ወጪ ይንገረን፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱ ይግዛ፣ እናቶች ያብስሉ፣ ሒሳቡ በየወሩ ለአዋጪው ይነበብ። የሪባን መቁረጫውና የግብዣው ወጪ ብቻ ለስንት ሳምንት ሽሮና እንጀራ እንደሚበቃ ገንዘብ ያዦቻችን ቁጭ ብለው ያስሉት።