የቤት ሠራተኛ ወደ ዓረብ አገር መላክ ይቁም? መምህሩና ተመላሿ ይከራከራሉ

ጥያቄው አጭር ነው። መንግሥት ሴቶችን በቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር መላኩን ያቁም ወይስ ይቀጥል? አንድ ጊዜ አቁሞ ነበር፣ ጥቅምት 2006 ላይ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ማባረር ጀመረችና በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። እገዳው በ2010 ተነሣ። በር ተከፈተ፣ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

ተከራካሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ወሎ ውስጥ በአንዲት የወረዳ ከተማ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው፤ «ይቁም» ይላሉ። ሁለተኛዋ ቤሩትና ሪያድ ሠርታ የተመለሰች፣ አሁን ደሴ ላይ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት፤ «ይቀጥል» ትላለች። በጽሑፍ ነው የተመላለሱት።

መምህሩ፦

ከክፍሌ ልጀምር። መስከረም ላይ ስም ስጠራ ክፍሉ ጢም ያለ ነው። ጥር ሲደርስ የሴቶቹ ወንበር መሳሳት ይጀምራል። እከሊት የት ሄደች ስል ጓደኞቿ ይሳሳቃሉ። «ፕሮሰስ ጀምራለች መምህር» ይሉኛል። አሻራ፣ ፓስፖርት፣ ሜዲካል ማለታቸው ነው። እኔ ዘንድ ዕድሜዋ 15 ነው። ደላላው ዘንድ 22 ሞልቷታል። መታወቂያው ላይ ፎቶዋ አለ፣ ማኅተም አለ፣ ዕድሜው ብቻ የሷ አይደለም። የትምህርት ቤቱን መዝገብ አሳዩኝ ብሎ የመጣ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ሕጉ መጥፎ ነው አላልኩም። አዋጅ 923/2008 ሲወጣ 18 ዓመት የሞላት፣ 8ኛ ክፍል የጨረሰች፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ያለፈች ትሂድ ብሎ ነበር። የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የኢንሹራንሱን ወጪ አሠሪው ይሸፍን ይላል። ጥሩ። ነገር ግን አውሮፕላኑ ከቦሌ ከተነሣ በኋላ ልጅቷን የሚገዛት ያ አዋጅ አይደለም፤ ካፋላ ነው፣ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው ሥርዓት። ቪዛዋም ኢቃማዋም (የመኖሪያ ፈቃዷ) በካፊሏ፣ ማለትም በአሠሪዋ፣ እጅ ነው። ሥራው አልተስማማኝም ብላ ብትወጣ «ጠፍታለች» ብሎ ያስመዘግባታል፤ ሁሩብ ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ሕገወጥ ተብላ ልትቆጠር ትችላለች። የቀረ ደመወዜ ይከፈለኝ ልትል ፖሊስ ጋ ብትሄድ የምትታሰረው እሷ ልትሆን ትችላለች።

ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ካፋላን አሻሽላ፣ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየር ይችላል አለች። የቤት ሠራተኞችን ግን ከማሻሻያው አስወጣቻቸው። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን አይመለከትም ይላል። በ2012 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ምን ሆነ? ማዳሞቹ፣ አሠሪዎቹ፣ ልጆቻችንን በመኪና እያመጡ ቤሩት ባለው ቆንስላችን በር ላይ ጣሏቸው። ገሚሶቹ ከነሻንጣቸው፣ ገሚሶቹ በለበሱት ልብስ ብቻ። አስፋልት ዳር ሲያድሩ ዓለም አየ። ይህን ያየ አገር እንዴት ደግሞ ይልካል?

ተመላሿ፦

መምህር፣ ከተናገሩት አንዱንም አልክድም። እንዲያውም ልጨምርልዎ። ቤሩት የመጀመሪያው ቤቴ መኝታዬ በረንዳው ላይ ነበር፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጎን። ማዳም ማታ ማታ ነው ልብስ የምታጥበው። ማሽኑ ጨምቆ ሲሽከረከር ፍራሼ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ፓስፖርቴ ከወርቋ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሲወጡ በሩን ከውጭ ይዘጉታል። ሪያድ ደግሞ ረመዳን ሲመጣ ሳምቡሳ ስጠቀልል ሱሑር ይደርሳል፤ ዕቃ አጥቤ ጎኔን ላሳርፍ ስል ሕፃኑ ይነሣል። ይህን ሁሉ አውቄ ነው ይቀጥል የምለው።

ምክንያቱም ዝጉ ስላልን አይዘጋም። በ2006 የተዘጉት ኤጀንሲዎቹ ናቸው። ደላላውማ ገበያ ደራለት! በ«ቪዚት» ቪዛ የሄደች አለች፣ በሱዳን ያቋረጠች አለች፣ ጅቡቲ ኦቦክ ወርዳ ጀልባ የተሳፈረች አለች። እ.ኤ.አ. በ2016፣ እገዳው እያለ፣ ከአፍሪካ ቀንድ በባሕር የመን የገባው ሰው ከ110 ሺህ በላይ ነበር፤ አብዛኛው የኛው ሰው። ኢንዶኔዥያም እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 21 አገሮች የቤት ሠራተኛ አልክም ብላ ነበር። ሴቶቿ በቱሪስትና በዑምራ ቪዛ መሄዳቸውን አላቆሙም። ኔፓል ስትከለክል በሕንድ በኩል ዞሩ። ኮንትራት ያላት ሴት ብትጠፋ ቢያንስ የቀጣሪዋ ስም አንድ መዝገብ ላይ አለ። በጓሮ የሄደችውን ማን ብሎ ይፈልጋታል?

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ወንዱ ለሹፌርነት ሲሄድ አገር ምድሩ መርቆ ይሸኘዋል። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2013 ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያላት እናት ለቤት ሠራተኝነት አትሄድም ብላ ደነገገች። አባትዬውን «ልጅህን ለማን ጥለህ?» ያለው የለም። ኋላ በ2022 የልጁን ዕድሜ ወደ ሁለት ዓመት አወረዱት፣ ዶላር ሲቸግራቸው። አያችሁ፣ የእናት ፍቅር እንኳ በምንዛሪ ይወጣል ይወርዳል። እና «ለሴቷ አስበን ነው» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እሷን አማከራችኋት ወይ ብዬ ነው።

መምህሩ፦

እህቴ፣ እስቲ ቁጥርሽን ልመርምረው። በየመን ከሚያልፉት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሕጋዊው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ የተሻገረው ሰው ከ100 ሺህ በላይ ነበር። ስለዚህ ወደ ባሕሩ የገፋቸው እገዳው ነው ለማለት ያስቸግራል። ባሕሩ ድሮም የራሱ መንገደኛ ነበረው።

መዝጋት ዋጋ የለውም ያልሽውንም አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የአንዲት ፊሊፒናዊት ሠራተኛ አስከሬን ኩዌት ውስጥ ከፍሪዘር ወጣ። ፕሬዚዳንት ዱተርቴ ከዚህ ወዲያ ሰው አልልክም አሉ። በግንቦት ኩዌት ቁጭ ብላ ፈረመች። አሠሪው ፓስፖርት እንዳይቀማ፣ ስልኳን እንድትይዝ፣ የዕረፍት ቀን እንዲኖራት። ጥቂት ወራት ብቻ ነው የፈጀው። እኛስ? አራት ዓመት ያህል ዘግተን፣ ከሳዑዲ ጋር ተስማማን ስንል ለቤት ሠራተኛችን የተቆረጠላት 1,000 ሪያል ነው። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2006 ከ400 ዶላር በታች አይሆንም ብላለች፤ 1,500 ሪያል ማለት ነው። ሁለቱም ያንኑ ዕብነ በረድ ይወለውላሉ፣ ያንኑ ሕፃን ያዝላሉ። የአንዷ ወር ግን ከሌላዋ በሲሶ ይረክሳል። እኔ የምለው ይህንን ነው። ይቁምና እንደ ሰው እንደራደር። ዕቃውን አስረክቦ ዋጋ የሚጠይቅ ነጋዴ አላየሁም።

ተመላሿ፦

እዚህ ላይ ሊረቱኝ ነበር። ግን ለፊሊፒንስ የሠራላት እገዳው ብቻ አይደለም። ከጀርባው ምን ነበረ? እ.ኤ.አ. በ1995 ሲንጋፖር ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለች ሠራተኛቸውን በስቅላት ስትቀጣ ሕዝቡ ጎዳና ወጣ፤ በዚያው ዓመት ስደተኛ ሠራተኞቻቸውን የሚጠብቅ ሕግ አወጡ። ኤምባሲያቸው ውስጥ የሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ አላቸው። የሸሸችውን የሚያስጠልል ቤት አላቸው። ሠራተኛው ራሱ በአባልነት የሚታቀፍበት ፈንድ አላቸው። ሪያድ አጠገባችን ያለ ግቢ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ነበረች። ቆሻሻ ልናወጣ ስንወርድ ነው የምንገናኘው። ችግር ቢመጣ የምትደውልበትን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። እኔ በቃሌ የማውቀው የእናቴን ስልክ ብቻ ነበር። እና እኛ ብንዘጋ ማን ነው የሚደነግጠው? እኛ ስንቀር ኬንያዊቷ ትገባለች፣ ኡጋንዳዊቷ ትገባለች።

ደግሞ ይቅሩ ሲሉኝ፣ የት ይቅሩ? የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ለነዚሁ ሴቶች ነው ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የነበረው የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነው። ረከሰ ያሉት 1,000 ሪያል ከ260 ዶላር በላይ ነው። አሥር እጥፍ! ቤት ኪራይ ስትከፍል ምሳዋን ታጣለች፣ ምሳዋን ስትበላ ኪራዩ ይጎድላል። ያም አልበረከተም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አሜሪካ ከአጎዋ (ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ) ስታስወጣን ስንቷ ከማሽኗ ተነሥታ አገሯ ገባች።

በሰው አገር ሕግ የለም ይላሉ። በኛስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጃችን 1156/2011 ነው። የግል አገልግሎት ቅጥርን አይመለከትም፤ የቤት ሠራተኛን ነገር ወደፊት በሚወጣ ደንብ ይወሰናል ብሎ አሳደረው። ከሊባኖሱ አንቀጽ 7 በምን ይለያል? አዲስ አበባ ኩሽና ውስጥ የምትተኛዋ ልጅ ሰዓቷን ማን ቆጥሮላት ያውቃል? ይቅርታ ያድርጉልኝና መምህር፣ እርስዎ ቤትስ ልጅ የለችም?

መምህሩ፦

አለች። ማታ ትማራለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስማ ዘመዶቿ ጋ ውላ ትመጣለች። ለሷም ሕግ ይውጣላት፣ ነገ ዛሬ ሳይባል። ልዩነቱን ግን አታድበስብሽው። እኔ ብበድላት ሻንጣዋን አንጠልጥላ መናኸሪያ ትወርዳለች፤ እናቷ ቤት ለመድረስ የማንንም ፊርማ አትጠይቅም። ሪያድ ያለችው ይህ የላትም።

ስለ ደመወዙ ካነሣሽ ዘንድ፣ አሥር እጥፉ ማን ኪስ ገባ? እኔ ባለሁበት ከተማ ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ ቤት ሁሉ የአንዲት ልጅ ወዝ ነው። ቤቱ ግን በአባቷ ስም ነው። ባጃጁ በወንድሟ ስም ነው። ወንድምየው በላከችው ብር ድል ያለ ሠርግ ደግሶ አግብቷል፤ እሷ ሠርጉን በኢሞ ነው ያየችው። ስትመለስ ጎረቤቱ አንድ ሳምንት ቡና እያፈላ ይጠራታል። ከዚያ በኋላ እናቷ «መቼ ነው የምትመለሺው?» ማለት ይጀምራሉ። የምትኖርበት ክፍል የለም። የምትሠራበት ብር የለም። እንደገና ፕሮሰስ ትጀምራለች። ይህን ዕድል ነው የምትዪው?

ተመላሿ፦

ይህቺኛዋ እውነት ናት፣ ታማለች። ግን ብሩን የበላባት ማዳም አይደለችም፣ የገዛ ቤቷ ነው። በሩን ብትዘጉት ወንድምየው ደግ አይሆንም። እኔ ሁለተኛ ስሄድ፣ ገና ሳልሳፈር የባንክ ደብተር በስሜ አወጣሁ። ከምልከው ግማሹ እዚያ ይገባል፣ ግማሹ ለቤት። አባቴ አኮረፈኝ። «ልጅቷ ነጋዴ ሆነች» አለ። ከረም ብሎ ነው የታረቀኝ። ዛሬ ምሳውን እኔ ምግብ ቤት ነው የሚበላው፣ ደግሞ ወጡ ጨው በዛው ይላል። በየሥልጠና ማዕከሉ ቫክዩም ክሊነር በሥዕል ከሚያሳዩአት ይህን ቢያስተምሯት ይሻላል። ደብተር በስምሽ ሳታወጪ ኮንትራት አትፈርሚም ይባል። ወላጅ ይጮሃል፤ ይጩህ።

ያ አገርም ባለበት አልቆመም። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ የቤት ሠራተኛ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ አትሠራም፣ በሳምንት አንድ ቀን ታርፋለች። ደመወዝ በእጅ መስጠት ቀርቶ በባንክ በኩል እንዲሆንም ደረጃ በደረጃ ማስገደድ ጀምረዋል። ወረቀት ነው ሊሉኝ ነው።

መምህሩ፦

ልልሽ ነው እንጂ! አሥሩን ሰዓት ማን ይቆጥረዋል? ፋብሪካ ቢሆን ተቆጣጣሪ ሰተት ብሎ ይገባል። የሰው ሳሎን ግን አያስገባም። የባንኩን ነገር ግን እቀበላለሁ፤ እሱ አሻራ ይተዋል።

ተመላሿ፦

ስልኳ ይቆጥረዋል። ለኔ የዚህ ሁሉ ቁልፍ ስልኩ ነው። ስልክ በእጇ ያለች ልጅ ሲያሟት ትናገራለች፣ የት ሰፈር እንዳለች ታውቃለች፣ ሲመቷት ትቀርጻለች። የነጠቋት ዕለት ነው የምትጠፋው። ስለዚህ ስልክ የሚነጥቅ አሠሪ ስሙ ይያዝና ሁለተኛ ኢትዮጵያዊት አይላክለት። ያን ዓይነት እገዳ ከሆነ የሚያመጡት እኔም እፈርማለሁ።

ኤጀንሲውንም አልምረውም። አዋጅ 923 ኤጀንሲ ሲከፈት 100 ሺህ ዶላር በዝግ ሒሳብ ያስይዝ ብሎ ነበር፤ የሠራተኛዋ መብት ቢጣስ መያዣ እንዲሆን። የአንድ ሙሉ ዓመት ደመወዟን ተከልክላ ባዶ እጇን የተመለሰች ልጅ ከቦሌ በቀጥታ ሄዳ ከዚያ ገንዘብ ትጠይቅ፤ ክርክሩን ከአሠሪው ጋር ኤጀንሲው በኋላ ይከራከር። ሁለቴ ከከፈለ ሦስተኛዋን ለማን ቤት እንደሚሰጣት ራሱ መርጦ ይልካል።