የቡና ስሞቻችንን ለማስጠበቅ የንግድ ምልክት ወይስ የምስክርነት ምልክት?

ደጋፊ፦ የንግድ ምልክት መመረጡ ትክክል ነበር እላለሁ። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነበር፤ ስታርባክስ ደግሞ አስቀድሞ በ2004 «ሲዳሞ»ን ያካተተ የምርት ስም ለራሱ እንዲመዘገብለት ጠይቆ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል ብሎ ቢቃወምም፣ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተደረሰ፤ ስሞቹም ተመዘገቡ። ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ድርጅት ከጥሰት ክስ ለመዳን ክፍያ የማይጠየቅበትን የአጠቃቀም ፈቃድ መፈረም ይበቃዋል። የምስክርነት ምልክት፣ ማለትም ዕቃው ከተባለው ቦታ መምጣቱን ወይም የተወሰነ መስፈርት ማሟላቱን የሚያረጋግጥ ምልክት፣ ቢመረጥ ኖሮ ግን የእያንዳንዱን ከረጢት መነሻ ማረጋገጥ ያስፈልግ ነበር፤ በየጓሮው ጥቂት የቡና ተክል ያለውን ገበሬ ሁሉ ማን ሊከታተል ይችላል?

ተቃዋሚ፦ የተከበሩ ተከራካሪዬ ፈቃዱን እንደ ጋሻ አቀረቡት፤ ያልፈረመው ነጋዴስ በምን ይከሰሳል? የአሜሪካ ሕግ ዕቃው የመጣበትን ቦታ ለመግለጽ ብቻ በቅን ልቦና የተጻፈን ቃል እንደ ጥሰት አይቆጥርም። ስለዚህ የራሱን ምልክት በጉልህ አትሞ ከሥሩ «ከሲዳሞ የመጣ ቡና» ብሎ እውነቱን የጻፈ ሰው ጠንካራ መከላከያ አለው፤ ለክስ የሚጋለጠው ስሙን የራሱ መለያ አስመስሎ ገዢውን ሲያደናግር፣ ወይም የሌላ አገር ቡና ሲሸጥበት ነው (ሁለተኛውን ለመከላከል ደግሞ የምስክርነት ምልክትም ይበቃ ነበር)። ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ቁጥጥር የሌለበት ፈቃድ ነው። ባለቤቱ በምልክቱ የሚሸጠውን ዕቃ ጥራት ካልተከታተለ፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ምልክቱን እንደ ተተወ ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ የተከሰሰ ነጋዴ ጠበቃም መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ከምርመራ ወጪ ለመሸሽ የተመረጠው መንገድ መልሶ ምርመራን ይጠይቃል። ኮሎምቢያና ጃማይካ በምስክርነት ምልክት መጠቀማቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ደጋፊ፦ ቁጥጥር አያስፈልግም አላልኩም፤ ሁለቱ መብቶች ግን እኩል አይደሉም። የምስክርነት ምልክት ባለቤት መስፈርቱን ያሟላን ማንንም መከልከል አይችልም፤ ራሱም ምልክቱን በሚያረጋግጠው ዓይነት ዕቃ ላይ ተጠቅሞ እንዲነግድ አይፈቀድለትም። የንግድ ምልክት ባለቤት ግን ለማን፣ በምን ውል እንደሚፈቅድ ይመርጣል፤ ከስታርባክስ ጋር ለመደራደር ያስቻለውም ይኸው የመምረጥ መብት ነው።