ድንጋዩን አንሥተህ ሂድ

ከደጀን ባሕር ዳር ባለው አስፋልት ላይ ከሚያናድዱኝ የሹፌር ጠባዮች ሁሉ የመጀመሪያው ድንጋይ ጥሎ መሄድ ነው። ናዳ ያወረደውን ድንጋይ ማለቴ አይደለም። ሰው በእጁ ተሸክሞ አስፋልት ላይ የደረደረውን፣ ሥራው ሲያልቅ ዞር ብሎ እንኳ ያላየውን ነው የምለው።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ አይሱዙ ጎማው ይፈነዳል፣ ወይ ሞተሩ ይፈላል። ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ትልልቅ ድንጋይ እየለቀመ ጎማው ሥር ይወትፋል። ከመኪናው ኋላ ራቅ አድርጎም ድንጋይ ይደረድራል፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ይጥላል። እዚህ ድረስ ምንም አልልም። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን መያዝ ቢገባውም፣ ከሌለው ቅጠሉም ሥራውን ይሠራል፤ በዚህ አገር የነዳ ሰው ሁሉ አስፋልት ላይ ቅጠል ሲያይ እግሩ ወደ ፍሬን ነው የሚሄደው። ጉዱ የሚመጣው መኪናው ተጠግኖ ሲነሣ ነው። ረዳቱ ክሪኩን ይወረውራል፣ ሹፌሩ ማርሽ ያስገባል፣ ይሄዳሉ። ድንጋዩ ይቀራል። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ድንጋዩን ግን የሚወስደው የለም። ምሽት ላይ በሞተር ሳይክል ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመለስ ልጅ ያገኘዋል። ክረምት ከሆነና ኮሶበር ላይ ጉም ከወረደማ የአውቶቡስ ሹፌር እንኳ ድንጋዩን የሚያየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ልሽሸው ብሎ መሪ ሲያዞር ደግሞ ከፊት የሚመጣ ሲኖትራክ አለ።

ድንጋዩን ተሸክሞ ያመጣ ጉልበት መልሶ ከመንገድ ዳር ለማድረስ አያንስም። ሁለት ደቂቃ ነው። ያንን ሁለት ደቂቃ የሚነፍገን ሰው ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም። የእሱ ጉዳይ አልቋል፣ በቃ። ከኋላው የሚመጣው ሰው አሁን አይታየውም፣ ስለማይታየውም የለም ማለት ነው። የቀሩትን የመንገድ ጠባዮች ስመለከታቸው አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመጡ ናቸው።

የመኪና አደጋ ሲነሣ ቶሎ የሚሰጠው መልስ «የሥልጠና ጉድለት» ነው። መንጃ ፈቃድ በገንዘብ ይወጣል፣ ማሠልጠኛዎች በደንብ አያሠለጥኑም ይባላል። ሐሰት ነው አልልም። ግን እኔ በየቀኑ የማየውን አያስረዳልኝም። ምክንያቱም ሹፌሮቻችን ትክክለኛውን አሳምረው ያውቁታል። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ሚኒባስ ውስጥ የሚሆነውን ብቻ ተመልከቱ። ቀበቶው ይታሰራል። ስልኩ ከጆሮ ይወርዳል። በዱካ የተቀመጡት ትርፍ ተሳፋሪዎች «ጎንበስ በሉ» ይባላሉ፣ ያቺ ስትበር የነበረች ዶልፊን በአርባ ትሄዳለች። ፖሊሱ ሲታለፍ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ታዲያ የማያውቅ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ሌላም ማስረጃ አለኝ። ከፊት የሚመጣው ሹፌር ሁለት ጊዜ መብራት ብልጭ ካደረገልህ «ትራፊክ አለ» ማለቱ ነው። ይህን የማያደርግ ሹፌር አላውቅም፤ የአገር አቋራጩም፣ የአይሱዙውም፣ የአባዱላውም ያደርገዋል። ማለትም እርስ በርስ መተሳሰብ ጠፍቶ አይደለም። አለ። ብርሃን አለን፣ የእጅ ምልክት አለን፣ የማናውቀውን ሰው ከቅጣት ለማዳን እንነጋገራለን። ከኩርባው ወዲያ ሲኖትራክ ተበላሽቶ መንገድ ዘግቶ ሲቆም፣ ወይም የከብት መንጋ አስፋልቱን ሲያቋርጥ ግን ያው ሰው መብራቱን አይነካም። ይህ ነው የሚያበሽቀኝ። ከአምስት መቶ ብር ቅጣት እናድነዋለን፣ ከሞት ግን ዝም እንለዋለን!

ስለ ዓባይ በረሃ ካላወራሁ አይሆንልኝም። ከጎሐ ጽዮን ወርደህ፣ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም ማብቂያ የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግረህ፣ እስከ ደጀን የምትወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለቱም ዳገቱም እያንዳንዱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ይበላል። የድሮ ሹፌሮች አንድ ሕግ አላቸው፤ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ዛሬ ስንቱ ነው በፎሌ የሚወርደው! «ነዳጅ ይቆጥባል» ይሉሃል። የጫነ መኪና፣ ያውም ተሳቢ፣ በዚያ ቁልቁለት ማርሹን አውጥቶ በፍሬን ብቻ ይወርዳል።

የፍሬን ሸራ የሚይዘው በፍትጊያ ነው፣ ፍትጊያ ደግሞ ሙቀት ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለ ሞተር እገዛ እየረገጡ ሲወርዱ ሸራው ይግላል፣ ሲግል መያዝ ያቆማል፣ ሽታው ከኋላ ለሚነዳው ሰው ሳይቀር ይደርሰዋል። ቁጠባ የሚባለውም ነገር ትክክል አይደለም። በማርሽ እየወረድክ ነዳጅ መስጫውን ስትለቅ ለሞተሩ የሚሄደው ነዳጅ ይቋረጣል ወይም እጅግ ይቀንሳል፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ራሱ ነውና። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ሞተር አጥፍቶ ይወርዳል። በአየር የሚሠራ ፍሬን ያለው መኪና ሞተሩ ሲጠፋ አየር መሙላት ያቆማል፤ በረገጥከው ቁጥር ከተጠራቀመው ላይ ይቀነሳል። መሪውም ይጠነክራል። ከዚያ ኩርባው ይመጣል። በማግስቱ ዜናው «ፍሬን በጥሶ» ይላል። ብዙ ጊዜ ፍሬኑ የተጠየቀው ከአቅሙ በላይ ነው፣ የጠየቀው ደግሞ ሰው ነው።

በዳገቱ በኩል ያለው ነገር ሌላ ነው። አንድ ተሳቢ በእግር መንገደኛ ፍጥነት ይወጣል፣ ከኋላው ያለው ሲኖትራክ ከእሱ ትንሽ ይሻላልና ልቅደም ብሎ ይወጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው መንገዱን ሙሉ በሙሉ ይዘጉታል። ሲተላለፉ ደቂቃዎች ይፈጃል። ከላይ የሚመጣው የት ይግባ? በአንድ በኩል ግድግዳ ነው፣ በሌላው ገደል። ከኋላ ያለች ሚኒባስ ደግሞ የሚቀድመውን ልትቀድም በሦስተኛ ትደርባለች፤ ይህን በዓይኔ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። የሚቀደመው ሹፌር ፍሬቻ ሲያሳይህም አትመን። ቀኝ ፍሬቻ «እለፍ» ነው ይባላል፣ ግን «ወደ ቀኝ ልታጠፍ ነው» ማለትም ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ሰው ፍሬቻ የራስህንና የተሳፋሪውን ነፍስ አታስይዝ።

ሕዝቡ ለሲኖትራክ «ቀይ ሽብር»፣ ለአይሱዙ «አልቃይዳ» የሚል ስም ያወጣው በከንቱ አይደለም። በዚህ አገር በየዓመቱ ከ3 ሺህ በላይ ሰው በመኪና አደጋ እንደሚሞት መንግሥት ራሱ የሚያወጣው ቁጥር ይናገራል።

ወደ ማታው እንምጣ። ረጅም መብራት! ይህን ነገር ስንት ሰው ለምኗል። ረጅሙን አብርተህ ስትመጣ እኔ ሁለት ጊዜ ብልጭ አደርግልሃለሁ፣ ዝቅ አታደርግም። የመኪናው መብራት አልበቃህ ብሎ ግንባሩ ላይ ባውዛ ደርድረሃል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ዓይኔ ከዚያ ነጭ ብርሃን ተመልሶ ጨለማውን እስኪለምድ ሦስት ሰከንድ ብትቆጥር ከ60 ሜትር በላይ ሳላይ ነዳሁ ማለት ነው። በዚያ 60 ሜትር ውስጥ ያለ አንጸባራቂ የሚሄድ የፈረስ ጋሪ አለ። አጣና የጫነ፣ ጫፉ ከስፖንዳው ሁለት ሜትር ወጥቶ የተንጠለጠለ፣ ቀይ ጨርቅ እንኳ ያልታሰረበት መኪና አለ። ከለቅሶ የሚመለሱ ነጭ ኩታ የለበሱ ሰዎች አሉ። አንተም አታያቸውም፣ እኔም አላያቸውም።

የቤት መኪና ያላችሁ ደግሞ ነፃ ነን እንዳትሉ። በአዊ ዞን ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለ ከሰል ያከስላል፣ እንጅባራ አካባቢ ጆንያው በመንገዱ ዳር ተደርድሮ ይሸጣል። ጥሩ ነገር ነው፣ ብዙ ቤተሰብ በእሱ ይኖራል። ግን ከአዲስ አበባ የመጣው ባለ መኪና ከሰሉን ሲያይ ያለ ፍሬቻ ቀጥ ይላል። አስፋልቱ ላይ። አራቱም ጎማ አስፋልት ላይ ሆኖ መስኮት ዝቅ አድርጎ ዋጋ ይከራከራል። ከኋላው የሚመጣው አገር አቋራጭ ስልሳ ሰው ጭኗል። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ወደ ዳር ወጣ በሉ። ከሰሉ የትም አይሄድም።

ከብትና እግረኛን በተመለከተ ብዙ ሹፌር «ገበሬው አስፋልት ላይ ምን ያደርጋል» ብሎ ይሳደባል። ይህ ስድብ በጣም ያበሳጨኛል። አስፋልቱ የመጣው በእሱ ቀዬ መሀል ነው። ደምበጫን፣ ቡሬን፣ ዳንግላን፣ መራዊን ለሁለት ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ለእግረኛ የተተወ ዳር በአብዛኛው የለም። ገበያ ቀን ሰውየው አህያውን ጭኖ በየት ይሂድ? ይልቅ ከከብቱ ኋላ ደርሰህ ክላክስ አታምባርቅበት፤ በሬ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወዴት እንደሆነ ባለቤቱም አያውቅም።

የሚነዱት ሰዎች ጫና እንዳለባቸው ይገባኛል። በቢያጆ፣ ማለትም በጉዞ ቁጥር፣ የሚከፈለው የሲኖትራክ ሹፌር በፈጠነ ቁጥር ነው የሚበላው። የሚኒባሱ ሹፌር ለባለንብረቱ ማታ የሚያስረክበው የተቆረጠ ገንዘብ አለበት፤ ትርፍ ካልጫነ ለራሱ አይተርፈውም። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ደግሞ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ነው የኖረው፤ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ሳይመሽ ለመድረስ ይሮጣል። ጨለማን መፍራቱ እውነተኛ ፍርሃት ነው፣ ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ግን ፎሌ መውረድን ፍርሃት አላመጣውም። ረጅም መብራት አለማውረድንም እንዲሁ።

እኛ ተሳፋሪዎችስ? አንድ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ወጣ እንዳልን አንዲት እናት «ልጄ፣ ቀስ በል፣ ሁላችንም ቤተሰብ አለን» አሉት ሹፌሩን። ረዳቱ «ማዘር፣ ከፈሩ ይውረዱ» አላቸው። መኪናው ሙሉ ሰው ነበር፣ አንድም ድምፅ አልተሰማም። ከኋላ ያሉት እንዲያውም ሳቁ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ዝም አሉ። እኚህ እናት ብቻቸውን ባይሆኑ ኖሮ፣ ሦስት ሰው ብቻ «ልክ ናቸው» ብሎ ቢሆን፣ ያ ሹፌር እግሩን ያነሣ ነበር። ሹፌር የሚፈራው ትራፊክን ብቻ አይደለም፤ በአንድ ቃል የሚናገርን መኪና ሙሉ ሰውም ይፈራል።

ትራፊክ ፖሊሶችን የምጠይቃቸው ነገር አለ። ከከተማ መግቢያ ወጣ በሉ። መንጃ ፈቃድና ቦሎ ማየቱ ይቅር አላልኩም፣ ግን በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ራስ ላይ ከባድ መኪና አስቁማችሁ ፍሬኑን እዩ፣ በምን ማርሽ ሊወርድ እንደሆነ ጠይቁት፣ ከግማሽ ላይ ደግሞ ሌላ ፖሊስ ይቁም። ማታ ማታ ባውዛውን አስፈቱት። መኪና ተበላሽቶ ስታገኙ ታርጋውን መዝግቡና ከሄደ በኋላ ቦታውን እዩት፤ ድንጋዩ ካለ ቅጣቱን ቀጣዩ ከተማ ላይ ይጠብቀው። ባለንብረቶችም የዕለት ሒሳቡን ስትቆርጡ መኪናው በሕግ በሚፈቀደው ሰው ቁጥርና ፍጥነት ሠርቶ የሚያመጣውን አስልታችሁ ቁረጡ። ተሳፋሪ የሆንን ደግሞ መናኸሪያ ላይ ዱካ ሲወጣ ካየን አንሣፈር፣ ከተሣፈርንም በኋላ ሹፌሩ ሲደርብ አንድ ሰው «ቀስ በል» ካለ ሁለተኛው ቶሎ ይከተለው፣ የማይሰማ ከሆነ ታርጋውን ይዘን ስንደርስ ለመናኸሪያው ኃላፊ በስሙ እንናገር።