ይድረስ ለክቡር አቶ ከንፈር መምጠጥ

ጉዳዩ፦ ከልጄ ፋይል ላይ ከንፈርዎን እንዲያነሡልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች እርስዎ አንድም ቀን ሳይለዩን አለን። ውኃ ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል፣ ታክሲ ይቀራል፤ እርስዎ ግን ቀርተው አያውቁም።

ልጄን አዝዬ ታክሲ ስገባ ረዳቱ ሒሳብ ሳይጠይቀኝ እርስዎ «ምፅ!» ብለው ይቀበሉኛል። ልጄ ስፓይና ቢፊዳ ከሚባለው፣ የጀርባ አጥንት ሳይገጥም ከሚቀርበት ችግር ጋር ተወለደ። ጭንቅላቱ ውስጥ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ሆዱ የሚያወርደው ቀጭን ቱቦ ከጆሮው ኋላ፣ ከቆዳው ሥር ጎበጥ ብሎ ይታያል። ባለፈው አንዲት ትልቅ እናት ቱቦውን በጣታቸው ጫፍ ዳበስ አድርገው «ምን ብታስቀይሚው ነው ልጄ?» አሉኝ። ፈጣሪን ማለታቸው ነው። ከዚያም የሚሻለውን ጸበል ጠቁመውኝ ቃሊቲ ወረዱ። ልጄ ጣታቸውን ይዞ አልለቅም ብሏቸው ነበር፤ ሰው ይወዳል።

ፈጣሪን ከመጠርጠራችን በፊት ግን የምንጠይቀው ሰው ነበረን። ለሚጥል በሽታዬ ለዓመታት ሶዲየም ቫልፕሮዌት ስወስድ የኖርኩት በሐኪም ትእዛዝ ነው። መድኃኒቱ በእርግዝና ጊዜ ሲወሰድ ጽንሱን ለስፓይና ቢፊዳ እንደሚያጋልጥ የሕክምናው ዓለም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያውቃል። ያገባሁ ሴት መሆኔም ካርዴ ላይ ተጽፏል። «ለመውለድ አስበሻል ወይ?» ያለኝ ግን አልነበረም። ጥያቄው ቀድሞ መምጣት ነበረበት፤ የጽንሱ የነርቭ ቧንቧ፣ ሳይዘጋ ሲቀር ስፓይና ቢፊዳ የሚያመጣው፣ የሚዘጋው በተጸነሰ በ28 ቀን ገደማ፣ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነውና። (መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥም ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ሐኪም ያለው ለዚህ አይደል?)

በፈረንሳይ ይህንኑ መድኃኒት የወሰዱ እናቶች ማኅበር አቋቁመው ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2022 የፓሪስ ፍርድ ቤት አምራቹ ኩባንያ ስለ አደጋው በቂ ማስጠንቀቂያ ባለመስጠቱ ጥፋት ፈጽሟል አለ።

እኛ ዘንድ እርስዎ አሉ። እርስዎ ብቅ ሲሉ ተጠያቂ የሚባል ሁሉ በጓሮ በር ሹልክ ይላል። አማቴ «የእሱ ሥራ ነው» ይላሉ፤ ጎረቤት «ካሣ ልጁን አያድነው» ይላል። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋማ ካርዴን በእጇ እንደያዘች «ምፅ! ኮፒው ምን ያደርግልሻል እህቴ? ልጁን ያሳድግልሽ» ብላ መልሳ መደርደሪያው ላይ ከተተችው። ምርቃቱን ተቀብዬ ያለ ኮፒ ወጣሁ።

እርስዎ የማያውቁት ነገር ቢኖር ይርጋ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2143 ካሣ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲከስ ያዝዛል። የልጄ ሁለተኛ ልደት ደግሞ እየደረሰ ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ሳይጠብቅ ሲቀር እንደሚጠየቅ ይናገራል፤ በአንቀጽ 2 ደግሞ የተጸነሰ ልጅ በሕይወት ተወልዶ ለመኖር የሚችል እስከሆነ ድረስ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደተወለደ ይቆጥረዋል። እርስዎ የተወለደውን እንደ ሞተ ይቆጥሩታል።

ገንዘብ የለሽም እንዳይሉኝ፣ በነፃ የምትረዳኝ ጠበቃ አግኝቻለሁ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያልቻለ ሰው በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል ብላ ከወረዳ የአቅም ማነስ ማስረጃ እንዳመጣ ላከችኝ። እዚያም ቀድመውኝ ደርሰዋል፤ ማህተም የያዘው ሰው ከንፈሩን አጥብቆ ከመጠጠ በኋላ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለኝ።

ስለሆነም ሰኞ ፍርድ ቤት ስሄድ እባክዎ ከቤትዎ እንዳይወጡ። መምጣትዎ ግድ ከሆነ ግን በምስክሮቼ ዝርዝር ውስጥ አስገባዎታለሁ፤ ካርዴ «ጠፍቷል» ቢባል ሠራተኛዋ በእጇ ይዛው እንደነበር ያየን እርስዎና እኔ ነን።

ከሰላምታ ጋር፣
የልጁ እናት

ግልባጭ፦ ለአማቴ