የሙከራ ንድፍ ሥልጠና ከምድጃው ይጀምር

አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሙጫው በደንብ አልይዝ አለ እንበል። ኢንጂነሯ የምድጃውን ሙቀት ከ160 ወደ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ አድርጋ ሞከረች። 50 የነበረው የጥንካሬ ልኬት ወደ 48 ወረደ። ሙቀቱን ወደነበረበት መልሳ ጊዜውን ከ10 ወደ 20 ደቂቃ አስረዘመች። 49 ሆነ። «ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፣ መሻሻል የለም» ብላ ሪፖርት ጻፈች። የጻፈችው እውነት ነው። ግን ሁለቱን አንድ ላይ ከፍ ብታደርግ ኖሮ 70 ልታገኝ ትችል ነበር። ያቺን አራተኛ ሙከራ አልሞከረቻትም።

ከትምህርት ቤት ጀምሮ «ሌላውን ሳትነካ አንዱን ብቻ ቀይር» እየተባልን ስላደግን፣ አንድ በአንድ መቀየር ጥንቃቄ ይመስለናል። ፋብሪካ ውስጥ ግን ሙቀት፣ ጊዜ፣ ግፊትና ጥሬ ዕቃ አንዱ የሌላውን ሥራ ይቀይራሉ። ይህ መስተጋብር ይባላል። አንድ በአንድ የሚሄድ ሰው አያገኘውም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር ይህን የተናገረው እንግሊዝ ውስጥ በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ፣ በ1926 እ.ኤ.አ. ነው። ተፈጥሮን አንድ አንድ ጥያቄ ብቻ እየጠየቅን መሄድ የለብንም አለ። ብዙ ጥያቄ በሥርዓት አዘጋጅተን አንድ ላይ ብናቀርብላት የተሻለ ትመልስልናለች። የሙከራ ንድፍ የሚባለው ይህ ዝግጅት ነው፤ የትኞቹ ነገሮች አብረው እንደሚቀየሩና በምን ተራ እንደሚሞከሩ አስቀድሞ መወሰን።

እዚህ ድረስ ያለውን ማንኛውም የመግቢያ ኮርስ ያስተምራል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «የላቀ» የሚባለው ሥልጠና ብዙ ጊዜ ሶፍትዌር ላይ የበለጠ ቁልፍ መጫን ሆኖ ይቀራል። ሰልጣኙ የሚያምር ግራፍ ይዞ ይመለሳል። ፋብሪካው በር ላይ ግን ምድጃው ይጠብቀዋል።

ምድጃው ምን ያደርጋል? ዕጣ አይቀበልም። ንድፉ የሙከራዎቹ ተራ በዕጣ እንዲወጣ ያዛል። ተራው አንዴ 160፣ አንዴ 180፣ ደግሞ 160 ሊል ይችላል። ሙቀቱን ለመቀየርና እስኪረጋጋ ለመጠበቅ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ኦፕሬተሩ ዝርዝሩን ያስተካክለዋል። ጠዋት 160ዎቹን በሙሉ፣ ከሰዓት 180ዎቹን በሙሉ። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ማንም በእሱ ቦታ ቢሆን ያንኑ ያደርጋል። ሶፍትዌሩ ግን ይህን አያውቅም። ሁሉም በዕጣ እንደተሠራ አድርጎ ያሰላል።

ጉዳቱ ከባድ ነው። በአንድ የምድጃ ዙር አብረው የገቡ 4 ናሙናዎች ስለ ሙቀቱ 4 ምስክር አይሆኑም፤ አንድ ምስክር ናቸው። ያን ቀን ከሰዓት ሌላ ነገር ተቀይሮ ከነበረ፣ ጥፋቱም ምስጋናውም ለሙቀቱ ይሰጣል። እንደ ሙጫው መጠን ያሉ በቀላሉ የሚቀየሩት ነገሮች ደግሞ የምድጃው መዋዠቅ ከእነሱ ስህተት (ማለትም በአጋጣሚ ከሚመጣው የልኬት ልዩነት) ጋር ተደባልቆ እውነተኛ ውጤታቸው ሊሸፈን ይችላል።

መፍትሔው ከእርሻ የመጣ ነው፤ የተከፈለ መደብ ንድፍ ይባላል። ለትልቁ መደብ አንድ ዓይነት መስኖ ይሰጣል፣ በውስጡ ባሉት ትናንሽ መደቦች ላይ ዘሩ ይለያያል። ፋብሪካ ውስጥ የምድጃው ዙር ትልቁ መደብ ነው። ሙቀቱን በየዙሩ፣ ሌላውን በዙሩ ውስጥ እንቀይራለን። ዙሮቹን እንደግማለን። ስንተነትንም ሁለት ዓይነት ስህተት፣ በዙሮቹ መካከል ያለውንና በዙሩ ውስጥ ያለውን፣ ለየብቻ እንለካለን። ለእኔ የላቀ ትምህርት ማለት ይህ ነው። ኦፕሬተሩ በሥራው ላይ የሚያደርገውን ቀድሞ ማወቅና ንድፉን በዚያ ላይ መሥራት።

ሌላው ሰፊ ጊዜ ሊመደብለት የሚገባ ርዕስ በከፊል የሚሠራ ንድፍ ነው፤ ከሁሉም ጥምረቶች የተመረጡት ብቻ የሚሞከሩበት። 7 ነገሮችን በሁለት ሁለት ደረጃ በሙሉ ለመሞከር 128 ሙከራ ያስፈልጋል። በ8 ሙከራም ይቻላል፤ ግን የእያንዳንዱ ነገር ውጤት ከጥንድ መስተጋብሮች ጋር ይደባለቃል። በ16 ሲሠራ የየነገሩ ውጤት ከጥንዶቹ ይለያል፤ ጥንዶቹ ግን እርስ በርሳቸው እንደተደባለቁ ይቀራሉ። ሰልጣኙ ሙከራዎቹን ሲቀንስ ምን እንደሸጠና ምን እንደገዛ በራሱ አፍ ካልተናገረ ኮርሱን ጨርሷል ብዬ አላምንም።

ጃፓን ውስጥ በ1953 እ.ኤ.አ. ኢና የተባለው የሸክላ ንጣፍ አምራች የገጠመውም የምድጃ ችግር ነበር። ሙቀቱ በሁሉም ቦታ እኩል ስላልነበረ የንጣፎቹ መጠን ይለያይ ነበር። ምድጃውን እንደገና መሥራት ውድ ነው። የሙከራ ንድፍ ተጠቅመው የጭቃውን ቅልቅል ፈተሹ። ኖራውን ከ1 ወደ 5 በመቶ ሲያሳድጉ ልዩነቱ በጣም ቀነሰ። ምድጃው እንዳለ ቀረ።

እንግዲህ ለአሠልጣኞች የምለው ይህን ነው። ሰልጣኙ የራሱን ችግር ይዞ ይምጣ። በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተር ሳይከፈት አንድ ገጽ ይጻፍ። የምንለካው ምንድን ነው? ያንኑ ዕቃ ሁለቴ ስንለካው ያው ቁጥር ይመጣል? እያንዳንዱን ነገር ለመቀየር ስንት ሰዓት ይፈጃል? የመጨረሻውን ጥያቄ የሚመልሰው ደግሞ ኦፕሬተሩ ነው። እሱም ክፍሉ ውስጥ ወንበር ይሰጠው።