ይሄ ፎልደር የማነው አቦ?

አቦ፣ ሥራ ስትለቁ ቻው የሚባለው ለዘበኛውና ለሻይ ቤቷ ብቻ አይደለም። ለአይቲም ንገሩን!

ብሶቴን ላውጣው። እዚሁ ድሬዳዋ፣ አንድ ድርጅት ውስጥ ኔትወርክ ላይ ነው የምሠራው። ስሙ ይቅር፣ እንጀራዬ ነው። ሰርቨሩ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ዲስክ ይገዛ ስንል የሚመጣው መልስ ያው ነው፦ «መጀመሪያ የማይፈለገውን አጥፉ»። እሺ፣ የማይፈለገው የቱ ነው? እያንዳንዱ ሠራተኛ ፋይሉን የሚያስቀምጥበት ሆም ፎልደር አለው፤ የብዙዎቹ ባለቤት ግን አይታወቅም። እና «ባለቤቶቹን ፈልግ» ተባልኩ።

«ስሙ ፎልደሩ ላይ ተጽፎ የለ እንዴ?» ይሉኛል። ተጽፏል! «ኤምአህመድ» ይላል። ከጎኑ «ኤምአህመድ2» አለ። ከሱ ቀጥሎ «ኤምአህመድ3_ኦልድ»። ድሮ አንድ ሰው ከራስ ስም የመጀመሪያውን ፊደል፣ ከአባት ስም ሙሉውን ውሰዱ ብሎ ደንብ አወጣ። የቤተሰብ ስም ባለበት አገር ይሠራ ይሆናል። እዚህ ግን መሐመድ አህመድ፣ ሙና አህመድ፣ ሙስጠፋ አህመድና ሌላኛው መሐመድ አህመድ አንድ ፎቅ ላይ ናቸው። ዝምድና የላቸውም። አጻጻፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መሐመድን በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ በኦ፣ አንዱ በዩ ይጽፈዋል፤ ኤሙን አንዱ ይደግማል፣ አንዱ ይተዋል። ደመወዝ መክፈያው ላይ አንድ ዓይነት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ዓይነት።

«ቡሌ» የሚል ፎልደርም አለ። ቡሌን የማያውቀው የለም። ሁሉም ይስቅና «እሱ ጨዋታ አዋቂ!» ይላል። የመዝገብ ስሙን የሚነግረኝ ግን ጠፋ።

ዊንዶውስ ራሱ ስም አይደለም የሚይዘው፣ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ አካውንት ሲከፈት ኤስአይዲ የሚባል፣ በኤስ-1-5-21 የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይሰጠዋል። የፎልደሩ ፈቃድ፣ ማለትም ማን ይክፈተው የሚለው፣ የሚመዘገበው በዚያ ቁጥር ነው። አካውንቱን ስታጠፋው ፎልደሩ ላይ ቁጥሩ ብቻውን ይቀራል፤ «የማይታወቅ አካውንት» ይልሃል። በዚያው ስም አዲስ አካውንት ብትከፍትም አዲስ ቁጥር ነው የሚወጣለት፣ የድሮውን ፎልደር አይከፍትም። እኛ ጋ ደግሞ ሰው በለቀቀ ቁጥር ማጥፋት ልማድ ነበር። መዝጋት እኮ ይበቃል! ዲሴብል አድርገህ ብትተወው ስሙም ቁጥሩም እንዳለ ይቀመጣል። አካውንቶቹን የሚይዘው የዊንዶውስ መዝገብ፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ ሪሳይክል ቢን (የጠፋው የሚቆይበት ቅርጫት) ካለው ይመልሰዋል ትሉኝ ይሆናል። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አርቱ ጀምሮ አለ፣ አዎ፤ ግን ሆን ብሎ ማብራት ይፈልጋል። ማንም አላበራውም። ቢበራም ካልቀየሩት የሚያቆየው 180 ቀን ነው።

ፓወርሼል የሚባለውን የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ ከፍቼ የሁሉንም ፎልደር ባለቤት በዝርዝር አወጣሁ። ደስ አለኝ፣ ለአፍታ። «አድሚኒስትሬተርስ፣ አድሚኒስትሬተርስ፣ አድሚኒስትሬተርስ» እያለ እስከ ታች ወረደ። ፎልደሩን በእጁ የፈጠረው የአይቲ ሰው ስለሆነ ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው አድሚን ነው። አካውንቱ ላይ ሆም ፎልደር የሚሞላበት ቦታ አለ፤ እሱ ቢሞላ ሁለቱን ዝርዝር ማጋጠም የደቂቃ ሥራ ነበር። ባዶ ነው። ስለዚህ የፈቃድ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ማየት ግድ ሆነ።

እዚያ ላይ አንድ ነገር ረዳኝ። ቁጥሩ የሚታደለው በተራ ነው። እኛ ደግሞ ቁጥሩን የሚያድለው ሰርቨር፣ ዶሜይን ኮንትሮለር የሚባለው፣ ያለን አንድ ብቻ ስለሆነ ተራው አይዘባረቅም። ባለቤቱ የጠፋው ፎልደር ቁጥር መጨረሻው 1147 ነው እንበል። የ1146 እና የ1148 ባለቤቶች አሁንም አሉ፣ ሁለቱም የመጋዘን ሠራተኞች ናቸው። ሄጄ «ከእናንተ ጋር በአንድ ዙር የተቀጠረ ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ። ወዲያው ተናገሩ፤ ለቆ አዲስ አበባ ገብቷል። ይሄን ያገኘሁት ጠዋት ስለሆነ ነው። ከምሳ በኋላ፣ በድሬ ሙቀት፣ ሰው ቢሮው አገኛለሁ ብሎ የሚወጣ እንግዳ ብቻ ነው።

ቁጥሩ ካልረዳ ፎልደሩን መክፈት ነው፣ እሱን ነው የምጠላው። የሰው መታወቂያ ስካን፣ ሲቪ፣ የሰርግ ፎቶ፣ ለሌላ መሥሪያ ቤት የተጻፈ የሥራ ማመልከቻ። እኔ ይሄን ማየት አልነበረብኝም። ቀኑም አያግዝም። ሒሳብ ክፍል ፎልደር የሚሰይመው በእኛ ዘመን ነው፣ ዕቃ ከጅቡቲ የሚያስገባው ክፍል በፈረንጅ። «2012» የሚል ሲገጥመኝ የትኛው 2012 እንደሆነ በምን ልወቅ?

የሚያናድደኝ ግን ይሄ ሁሉ በአንድ ፊርማ ይቀር ነበር። ሰው ሲለቅ ክሊራንስ ይዞ ይዞራል። ንብረት ክፍል ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል፣ መዝገብ ቤት ይፈርማል። ስቴፕለር ሳይመልስ ማንም አይወጣም። አይቲ የሚፈርምበት መስመር ግን ወረቀቱ ላይ የለም። የለቀቀውን ሰው የምንሰማው የሽኝት ኬክ ሲደርሰን ነው፣ ከደረሰን።

ሰው ኃይል ሄጄ አንድ መስመር ይጨመርልን ብዬ ለመንኩ። በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው አሉኝ። «ግን ቅጹ እኮ ታትሟል። ያለው ይለቅና በሚቀጥለው ሕትመት እናስገባዋለን።»

ስቶር ገብቼ አየሁት። ካርቶኑ ገና አልተከፈተም።