ኤች-ኢንዴክሱ ከየት ተቆጠረ?
አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ የእንስሳት ማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪዎችን በኤች-ኢንዴክስ (ለምሳሌ 5 ማለት ቢያንስ 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው) ደርድሯል፤ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ግን አይናገርም። ቁጥሩ ጥቅሶችን እንደሚቆጥረው የመረጃ ቋት ይለያያል፦ ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍንም ያልተገመገመ ረቂቅንም ይቆጥራል፤ ስኮፐስ በአብዛኛው መርጦ የያዛቸውን ጆርናሎች ነው። ስለ ፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒት መላመድ የተጻፈ ዳሰሳም (የሌሎችን ጥናቶች የሚያጠቃልል ጽሑፍ) በአንድ ወረዳ ከብቶች ላይ ከተሠራ የብሩሴሎሲስ በሽታ ጥናት ይልቅ ብዙ ይጠቀሳል፤ ይህ የጥራት ልዩነት አይደለም።

የእኛ ስም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከበደ አበበ አንዴ «አበበ ከ.»፣ አንዴ «ከበደ አ.» ተብሎ ይወጣል። እያንዳንዳቸው 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ካሉት ኤች-ኢንዴክሱ 10 ነው፤ ፕሮፋይሉ እኩል ለሁለት ከተሰነጠቀ ግን በየፊናው 5 ብቻ! ጽሑፍ ሲላክ ባለ 16 አሃዙን የኦርኪድ (ORCID) የተመራማሪ መለያ ማስገባት፣ የተሰነጠቀውን ደግሞ ስኮፐስ እንዲያዋህደው መጠየቅ ይቻላል።